ባለሦስቱ

በአንድ አገር አንድ የታወቀ ወጌሻ ነበር። የወለቀ ትከሻ ሲመልስ በሽተኛው «እረ በእግዜር!» ብሎ ሳይጨርስ ሥራው አልቋል። ሙያውን ከአባቱ፣ አባቱም ከአያቱ የወረሱት ነው። የዚያ አገር ዘመን ግን ከፋ። ስብራቱ እየበዛ፣ የሚታሽበት ቅቤ እየጠፋ ሄደ፤ ቀርከሃ የሚቆረጥበት ጫካ የጦር ሰፈር ሆነ፤ ለማሰሪያ የሚሆነው ጨርቅ ለከፈን ተፈለገ። ወጌሻው ሕመምተኛ በደጁ ተሰልፎ እያየ፣ የሚያስርበት አጥቶ «ሂዱ፣ እግዜር ይማራችሁ» ማለት ሰለቸውና አንድ ማለዳ ዕቃውን ጠቅልሎ ታላቁን ወንዝ ለመሻገር ተነሣ። ያሳደጉት አጎቱ እስከ መልካው ሸኙት።

«ቶሎ ና» አሉት።

«እሺ» አላቸው።

ማዶ ያለው መንግሥት ባለጸጋ ነው፤ በሩም ብዙ ዘበኛ አለው።

«ሙያህ ምንድን ነው?»

«ወጌሻ ነኝ።»

«የሰው አጥንት ስንት ነው?»

«206።»

ዘበኞቹ ተያዩ። «በእኛም አገር 206 ነው» አሉት። «ቢሆንም በእኛ ቋንቋ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ቆጥረህ ታሳየናለህ። ካለፍክ ደግሞ ከወጌሾቻችን እግር ሥር ሦስት ዓመት ተለማማጅ ሆነህ ትቀመጣለህ።»

«እኔ እኮ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ።»

«የት?»

«ማዶ።»

«ማዶን አናውቀውም።»

ቆጠራውን እስኪያጠና ድረስ መብላት አለበት። በገበያው ዳር የጌቶች በቅሎ የሚታሰርበት ሰፊ ሜዳ ነበር፤ እዚያ በቅሎ ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። ቀን በቅሎ እየተቀበለ ያስራል፤ ሌሊት በኩራዝ ብርሃን አጥንት ይቆጥራል። ወንዙን ተሻግረው የመጡ ሌሎችም እዚያው ነበሩ፤ አንዱ በአገሩ ዳኛ፣ ሌላው የቅኔ መምህር። የዚያ ከተማ በቅሎዎች እንደነሱ ያለ የተማረ ጠባቂ አግኝተው አያውቁም።

አንድ ቀን አንድ ባለርስት ከበቅሎው ሲወርድ እርካቡ ከዳውና ወድቆ ትከሻው ወለቀ። ወጌሻው ከሦስት እርምጃ ላይ ቆሞ ነበር። የትከሻው ክብ ጠፍቶ፣ ክንዱ ከጎኑ ራቅ ብሎ፣ ሰውየው በደህናው እጁ ደግፎት ሲያቃስት አየ። ፈቃድ ያለው ወጌሻ ተፈልጎ እስኪመጣ ጀንበር አዘቀዘቀች። በቆየ ቁጥር ሥጋው እየተኮማተረ አጥንቱን ለመመለስ እንደሚያስቸግር ያውቃል። ያለ ፈቃድ ሰው የነካ እንደሚታሰርም ተነግሮታል።

«አንተ፣ በቅሎዋን ያዝ!» አሉት።

ያዘ።

በመጨረሻ ቆጠራውን አለፈ። ለተለማማጅነት የተሰጠው ጢሙ ገና ላልበቀለ ልጅ ነበር። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም አስቸጋሪ ውልቃት ሲገጥመው ሰው ሳያይ ዘወር ብሎ በዓይኑ ይጠይቀው ነበር። ሦስቱ ዓመት አለቀ። ሲያልቅ የአዋጁን ሁለተኛ ገጽ አነበቡለት፦

«ከወንዝ ማዶ መጥቶ በደጃችን የሠለጠነ ሁሉ ሁለት ዓመት ወደ አገሩ ተመልሶ ይቀመጥ፤ አገሩም በትምህርቱ ትጠቀም። አልመለስም ያለ ግን የእኛ ልጅ በማይሄድበት ስፍራ ሦስት ዓመት ያገልግል፤ እንደ ተመለሰ ይቆጠርለታል። ለአንድ አውራጃ ሠላሳ ሰው፤ ከዚያ አይበልጥም።»

ንጉሡ ሞኝ አልነበሩም። በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ወጌሻ ከበሽተኛ ይበዛ ነበር፤ በገና ጨዋታ ጣቱን የተመታ የመኳንንት ልጅ ሲገኝ ሦስት ወጌሻ ይሻማበታል። ከከተማው ርቆ ቆላ የወረደው አገር ግን አንድም አልነበረው፤ እዚያ የተሰበረ አጥንት ጠምሞ ይገጥማል፤ በቃ። ንጉሡ የራሳቸውን ሰዎች ወደዚያ ውረዱ ቢሏቸው ያኮርፋሉ፤ የባላባት ልጆች ናቸው። ወረቀት የሚፈልግ ባዕድ አያኮርፍም።

ወጌሻው ወረደ።

የመንደሩ ሰው በደንብ ተቀበለው። ጎጆ ቀለሰለት፤ ማርና ዶሮ አመጣለት። ስሙን ግን የጠየቀው የለም። ከእሱ በፊት ሌሎች መጥተው ሁሉም በቀናቸው ስለሄዱ፣ የመጣውን ወጌሻ ሁሉ «ባለሦስቱ» ይሉታል። «እንዴት አደርክ ባለሦስቱ?» ይሉና ደህንነቱን ከሰሙ በኋላ «ስንት ቀረህ?» ይላሉ። በክፋት አይደለም፤ ስለ ዝናብ እንደሚጠያየቁት ነው። ወለምታ ያለው ይመጣል፤ እጁ የተሰበረ ይመጣል፤ በአርባ ቀን የሚያልቅ ጣጣ ያለበት ሁሉ ይመጣል። ነገሩ ከዚያ የሚረዝምበት ሰው ግን በደጁ ዝር አይልም። ወጌሻው መጀመሪያ ላይ «ይህ መንደር እንዴት ያለ ጤነኛ ነው» ብሎ አስቦ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ አንዲት ሴት ሁለቱም እግሯ ቆልማማ የሆነ ልጅ መውለዷን ሰማ። ማንም አልጠራውም፤ ራሱ ሄደ። የሕፃኗ እግሮች ወደ ውስጥ ታጥፈው ውስጥ እግሮቿ ፊት ለፊት ይተያያሉ።

«እህቴ፣ ይህ ይቃናል» አላት። «አጥንቷ ገና ለጋ ነው፤ ዛሬ ነገ ሳንል እንጀምር።»

ሴትየዋ መልስ ሳትሰጠው ደጅ የተቀመጠውን ትልቁን ልጇን ጠራችው። ልጁ መጣ፤ የሚረግጠው በእግሩ ጀርባ ነው።

«ይኸም ይቃናል ተብሎ ነበር» አለች። «አንድ ባለሦስት አቃናው። እግዜር ያክብረው፣ ልጄ እንደ ሰው ቆመ፣ እንደ ሰው ሮጠ። አምስት ዓመት እስኪሞላው ማታ ማታ እግሩ ይታሰር፣ ማሰሪያው ሲጠብ ይለወጥ አለን። ከዚያ የእሱ ቀን ደረሰና ሄደ። ማሰሪያው ጠበበ፤ የሚለውጥ ጠፋ፤ እግሩ ወደነበረበት ዞረ። መጀመሪያውኑ ባይሮጥ መሮጥ አይናፍቀውም ነበር።» ሕፃኗን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። «አንተ ስንት ቀረህ?»

«ሁለት።»

«የእሷ ስንት ይፈልጋል?»

«አራት። አምስትም ሊሆን ይችላል።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?»

እቆያለሁ ብሎ መዋሸት ይችል ነበር። ለአጎቱም «እሺ» ብሎ ነበርና ውሸቱ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ያውቃል። ዝም ብሎ ወጣ። በማግሥቱ ተመልሶ መጣና «እንደምቀር ቃል አልገባልሽም። እጅሽን ግን ስጪኝ» አላት።

አውራ ጣቷን ይዞ ከሕፃኗ ቁርጭምጭሚት ፊት፣ በውጭ በኩል ካለችው ጉብታ ላይ አስቀመጠው። «ይህ ምሰሶሽ ነው፤ እንዳይነቃነቅ። አሁን በሌላው እጅሽ የእግሯን ፊት ቀስ አድርገሽ ወደ ውጭ ግፊ። ካለቀሰች አበዛሽው ማለት ነው፤ ተኝታ ካልነቃች ልክ ነሽ። ተረከዙን አትንኪ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ተረከዙን ይዞ ሲያጣምም ነው፤ ፊቱ ሲቃና ተረከዙ ራሱ ይከተላል።» ሴትየዋ የመጀመሪያውን ቀን ፈርታ፣ ሁለተኛውን አብዝታ፣ በሦስተኛው ልጅቷን ሳትቀሰቅስ አደረገችው። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያቃኑ ባገኙበት ልክ ያስሩታል። እግሩ ሲቃና የመንደሩ ጫማ ሰፊ ሁለት ትንንሽ ጫማዎች ሰፍቶ፣ ጣቶቿ ወደ ውጭ እንዲያዩ አድርጎ በአንድ እንጨት ላይ አገናኛቸው፤ ልጅቷ ማታ ማታ በዚያ ትተኛለች። የወንድሟም እግር፣ ጠንክሮ ቢያስቸግርም፣ እንደ አዲስ ተጀመረ።

ብዙ ሳይቆይ እንዲሁ ያለ ልጅ ያቀፈች እናት ከሌላ መንደር መጣች። የመጣችው ሴትየዋ ቤት ነው። ወጌሻው ሲሰማ ትንሽ ቅር አለው፤ ሰው ነውና።

በዚህ መሐል አንድ ሲራራ ነጋዴ ከአገሩ ወሬ ይዞ ደረሰ። አጎቱ ጣራ ሲከድኑ ወድቀው እግራቸው ተሰብሯል፤ ወጌሻ ስለጠፋ ጎረቤት አስሮላቸው ጠምሞ ገጥሟል። ወጌሻው ያን ሌሊት አልተኛም። ጠዋት ያጠራቀመውን ብር አንድ ሳያስቀር ለነጋዴው ሰጠ። ከብዙ ወራት በኋላ መልስ መጣለት፦ «ብርህ ደረሰኝ፤ ተባረክ ልጄ። በሬ ገዛሁበት። እግሬ እንዳለ ነው።»

ሦስተኛው ዓመት ሞላ። የንጉሡ መልእክተኛ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት አመጣለት፤ ከእንግዲህ በመንግሥቱ ውስጥ ወደፈለገበት መሄድ ይችላል። መንደሩ ሽኝት ያውቅበታል፤ ተለማምዶታል። ጠላው አስቀድሞ ተጠምቆ ነበር፤ በግ ታረደ፤ ዳቦ ቆሎ ለስንቅ ተቋጠረ፤ ሽማግሌዎች ቆመው መረቁት። ወጌሻው በላ፣ ጠጣ፣ «አሜን» አለ። በማግሥቱ ውሃ የሚወርዱ ሴቶች በደጁ ሲያልፉ ቁጭ ብሎ ቀርከሃ ሲሰነጥቅ አገኙት።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ።

«አልሄድክም እንዴ?»

«አልሄድኩም አባቴ።»

«ምነው?»

«ጫማ ሰፊው የልጅቷን ልክ ገና አሁን ነው የለመደው። ደግሞስ ከተማ ብገባ አርባኛ ወጌሻ ነኝ፤ የመኳንንት ጣት ስጠብቅ ልውል ነው?»

ሽማግሌዎቹ ፈቀቅ ብለው ተመካከሩ። ደስ ብሏቸዋል፤ ቢሆንም ሥርዓት ሥርዓት ነው።

«መልካም፣ ተቀመጥ» አሉት። «በጉ ግን የመሄጃ በግ ነበር። ክፈል።»

ከፈለ። ስሙን የጠየቁት ያን ቀን ነው።

በዚህ ተረት ውስጥ በጉን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። በቅሎዎቹን የዋሽንግተን ዲሲን የመኪና ማቆሚያዎች የሚያውቅ ሰው ያውቃቸዋል። አዋጁ ደግሞ በአሜሪካ ሕግ ውስጥ የሰፈረ ነው። ጄ-ዋን በተባለው ቪዛ ገብቶ የሬዚደንሲ ሥልጠናውን የጨረሰ ሐኪም ሁለት ዓመት ወደ አገሩ ተመልሶ የመቆየት ግዴታ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው፣ በሰሜን ዳኮታው ሴናተር በኬንት ኮንራድ ስም የሚጠራው ሕግ፣ የሐኪም እጥረት አለበት ተብሎ በተመዘገበ አካባቢ በሳምንት 40 ሰዓት ሦስት ዓመት የሚሠራ ሐኪም ይህ ግዴታ እንዲነሳለት ፈቀደ። ለእያንዳንዱ ስቴት መጀመሪያ የተሰጠው ኮታ 20 ነበር፤ በ2002 ወደ 30 ከፍ አለና ፕሮግራሙ «ኮንራድ 30» ተባለ። አንድ አካባቢ እጥረት አለበት የሚባልበት የተለመደው መለኪያ አንድ ጠቅላላ ሐኪም ለ3,500 ሰው ሲሆን ነው። የአጥንት ቆጠራውም ቢሆን አለ፤ በአገሩ ሃያ ዓመት ያከመ ስፔሻሊስት ዩኤስኤምኤልኢ የሚባሉትን ፈተናዎች አልፎ ሬዚደንሲ ከሀ ይጀምራል፤ የውስጥ ደዌ ወይም የቤተሰብ ሕክምና ቢመርጥ ሦስት ዓመት ነው። ቴነሲ በ2023 ልምድ ያለው የውጭ አገር ሐኪም ሬዚደንሲ ሳይደግም በክትትል ሥር እንዲሠራ የሚፈቅድ ሕግ አውጥታለች፤ ሌሎች ስቴቶችም ተከትለዋታል። መልካም ጅምር ይመስለኛል።

የኮንራድን ሕግ አልነቅፍም። ከአሜሪካ ሐኪሞች ከአራቱ አንዱ ገደማ የተማረው ከአገሪቱ ውጭ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ሐኪም የማያዩ የገጠር ከተሞች ብዙ በሆኑ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ «ሦስት» የሚለው ቁጥር ነው። ለስብራት ይተርፋል፤ ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለኩላሊት አይበቃም። የአንድን ሰው ስኳር ለመቆጣጠር ሐኪሙ የሚበላውን፣ ቤት ውስጥ የሚያበስለውን ሰው፣ ገንዘብ ሲያጥረው መድኃኒቱን የሚያቋርጥበትን ሳምንት ማወቅ አለበት። ያ ሁሉ እስኪታወቅ ሁለተኛው ዓመት ይጋመሳል፤ ተተኪው ሲመጣ ደግሞ ከዜሮ ነው። ሕመምተኛውም እንደዚያች እናት ይማራል፤ ረጅም ነገር አለመጀመርን።

የሦስት ዓመት ውል ሲነሳ እኛም የምናውቀው ታሪክ አለ። ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ አዲስ አበባ የገቡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለመክፈት፣ ለሦስት ዓመት ተዋውለው ነበር። ፌስቱላ ያለባቸውን ሴቶች አዩና ውሉ ተረሳ። በ1974 የፌስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ፤ ዶክተር ሬጂናልድ በ1993 ሲያርፉ ባለቤታቸው ቀጠሉ፤ እሳቸውም በ2020 በ96 ዓመታቸው እዚያው አዲስ አበባ አረፉ። የእነሱን መቆየት ሁሉም ያወራል። እኔ ይበልጥ የሚደንቀኝ የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ነገር ነው። ታካሚ ሆነው መጡ፤ አልጋ በማንጠፍ ጀመሩ፤ የቀለም ትምህርት ሳይኖራቸው ከዶክተር ሬጂናልድ ጎን ቆመው ቀዶ ሕክምና ተማሩ፤ በኋላ ዲግሪ የያዙ ሐኪሞችን አሠለጠኑ። ሐምሊኖች በውላቸው ቀን ቢሄዱ እንኳ እንዲህ ያለ እጅ ትተው ቢሆን ኖሮ ብዙ ባልተጎዳን ነበር።

አጎትየው ይቀራሉ። ሐኪሙ ለጄ-ዋን ሲያመለክት ሙያው ለአገሩ እንደሚያስፈልግ የሚመሰክር ደብዳቤ ከአገሩ የጤና ሚኒስቴር ያስገባል፤ ያ ደብዳቤ የአጎትየው ነው ማለት ይቻላል። ግዴታው እንዲነሳ ሲጠየቅ ግን ድጋፉን የሚጽፈው የአሜሪካው ስቴት የጤና መሥሪያ ቤት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አጎትየውን የሚጠይቅ የለም። ጥፋቱን ሁሉ ግን እዚያ አናላክክ። እኛም ተመራቂ ሐኪሞችን ለረጅም ዘመን በዕጣ ስንመድብ ኖረናል። ዕጣ ሐኪሙን እስከ ወረዳው ድረስ ያደርሰዋል፤ ጓንት ሲያልቅ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ደመወዝ ሲዘገይ እዚያ አያቆየውም። ወጌሻውን መጀመሪያ ወንዝ ያሻገረው የማሰሪያ ጨርቅ መጥፋት ነበር።

በየዓመቱ ለጥቂት ሳምንት መጥተው በነጻ የሚያክሙ የዲያስፖራ ሐኪሞች አሉ፤ ይመስገኑ። የስንት ሰው ቀዶ ሕክምና እንደተሠራ ይነገረናል፤ ከባነሩ ፊት ቆመው የተነሡትም ፎቶ ይደርሰናል። እነሱ ከሄዱ ከስድስት ወር በኋላ እዚያው የቀረችው ነርስ ምን መሥራት እንደቻለች የሚጽፍልን ሪፖርት ቢኖር ግን አስቀድሜ የማነበው እሱን ነው።